ምስክሩም ዳኛውም ራሱ

እስቲ ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር መካከላችን እናስቀምጥና እንጫወት። «ይህ አሁን የምላችሁ ነገር ሐሰት ነው።» ይኸው ነው፤ የሚጨመርበት የለም። አሁን ፍረዱኝ። እውነት ተናግረሃል ካላችሁኝ፣ የተናገርኩት «ሐሰት ነው» የሚል ነውና ሐሰት ይሆናል። ሐሰት ተናግረሃል ካላችሁኝ ደግሞ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነውና እውነት ሆኖ ይገኛል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ብታገላብጡት ከአንዱ ላይ አይረጋም።

እንቆቅልሹ የቆየ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ ኤውቡሊዴስ የሚባል ግሪካዊ እንደ ጠየቀው ይነገራል። የእኛ አገር አንባቢ ግን የዚህን እንቆቅልሽ ዘመድ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያውቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት በ1ኛው ምዕራፍ፣ የቀርጤስ ሰዎች ሁልጊዜ ይዋሻሉ ብሎ የመሰከረባቸው ከራሳቸው ወገን የሆነ ሰው እንደ ነበረ ያነሣል፤ ወዲያውም ምስክርነቱን ያጸድቀዋል። መስካሪው ቀርጤሳዊ ነው። ቀርጤሳዊ ሁልጊዜ የሚዋሽ ከሆነ እርሱስ ይህን ሲናገር? እዚህ ግን መውጫ አለ። አንድ ቀርጤሳዊ አንድ ቀን እውነት ተናግሮ ከሆነ፣ የሰውየው ቃል የተጋነነ ወቀሳ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አይቸገርም። መውጫ የሌለው የፊተኛው ነው፤ ስለ ራሱ ብቻ የሚናገረው።

ይህን የቃል ጨዋታ ነው ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። እኔ አልተወውም። ወደ ራሱ የሚመለስ ጥያቄ ሰውን ከአገሩ ያሰደደበት፣ ዋሻ ያስገባበት ታሪክ በእኛው ምድር አለና። ወደዚያ ለመድረስ በሰቆጣ እንለፍ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የዋጓ ሰቆጣ በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ አርሆ በሚባለው ሲራራ የሚጫነው አሞሌ ትግራይን አቋርጦ ዋግ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይዘልቃል። አሞሌ የወጥ ጨው ነው፤ አሞሌ ገንዘብም ነው። እንግዲህ በዚያ ገበያ መካከል ቆማችሁ «አንድ አሞሌ ስንት ያወጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁና አንዱ «አንድ አሞሌ» ብሎ ቢመልስላችሁ፣ የተናገረው ፍጹም እውነት ነው፤ ግን ምንም አልነገራችሁም። ዋጋውን ለማወቅ በማርያ ቴሬዛ ብር ወይም በእህል መመንዘር ግድ ነው። ያን ጊዜ አሞሌው ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር እንደሚወደድ፣ ዝናብ የመታውና ጠርዙ የተሸረፈው ደግሞ እንደሚረክስ ይታወቃል። መለኪያ ራሱን ሲለካ አይሳሳትም። የማይሳሳተውም ምንም ስለማይለካ ነው። ቪትገንሽታይን የሚባለው ፈላስፋ ከሞተ በኋላ በ1953 በታተመው መጽሐፉ፣ ፓሪስ ስለ ተቀመጠው ዋናው የሜትር ዘንግ ተመሳሳይ ነገር አንሥቷል፤ ያን አንዱን ዘንግ አንድ ሜትር ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የዋግ ነጋዴ ግን አንዱን መለኪያ በሌላው እየመነዘረ ኑሮውን ይገፋ ነበር።

ጨው ሲሆን ይህ ቀላል ነው። መለኪያው ሰው ሲሆን ይከብዳል። በጥንቱ ሥርዓት ባላገር ከባላገር ሲጣላ ሽማግሌ ይዳኛል፤ በሽማግሌ ያልረካ ወደ ሹሙ ይሄዳል፤ በሹሙ ያልረካ ይግባኝ እያለ ሽቅብ ይወጣል። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በወንበር የመቀመጥ ክብር እንደ ነበረው በትውፊት የሚነገርለት የዋግ ገዥ፣ ዋግሹም፣ እንኳ ከላዩ ዳኛ ነበረበት። መሰላሉ ዙፋን ችሎት ሲደርስ ያበቃል። «ንጉሡንስ ማን ይዳኘው?» ብሎ ለሚጠይቅ ተረቱ ቀድሞ መልስ አዘጋጅቷል፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈላስፋው በርትራንድ ራስል የሒሳብን መሠረት ሲመረምር ያንኑ ወደ ራሱ የሚዞር ነገር እዚያም ውስጥ አገኘው፤ በ1930ዎቹ የሎጂክ ሊቁ አልፍሬድ ታርስኪ ያመጣው መድኃኒት በአሳቡ ከይግባኙ መሰላል ጋር አንድ ነው። አንድ ቋንቋ የራሱን ዓረፍተ ነገሮች እውነትነት እንዲዳኝ አይፈቀድለት፤ ከላዩ ያለ ሌላ ቋንቋ ይዳኘው፣ ያንንም ሌላ ከፍ ያለ ይዳኘው አለ። ልዩነቱ የታርስኪ መሰላል ጫፍ የለውም፤ የእኛው ዙፋን ላይ ይቆማል።

ዙፋኑ ላይ ያለው ዳኛ ራሱ ከተሟጋቾቹ አንዱ ሲሆንስ?

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነው ይህ ነው። በ1622 ንጉሡ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጽ አሳወቁ። ከዚያ እስከ 1632 ድረስ አገሩ በሃይማኖት ተከፍሎ ደም ፈሰሰ። «ተዋሕዶ» የሚለውና የሮማን ሃይማኖት የተቀበለው ሲከራከሩ፣ የመጨረሻው ዳኛ ከአንዱ ወገን ተሰልፎ ነበር። በዚያ ጊዜ አክሱም ላይ መጻሕፍትን የሚያስተምር ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ሰው ነበረ፤ ወርቄም ይሉት ነበር። (የ15ኛውን መቶ ዘመን ንጉሥ አይደለም፤ ስሙ ብቻ ነው የገጠመው።) ይህን ታሪክ የሚነግረን ራሱ «ሐተታ» በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ቃሉን ለጊዜው እንደ ተናገረው እንቀበለው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሲያስተምር የሁለቱንም ወገን ትርጓሜ እየዘረዘረ ያሳይ ነበር፤ ይህኛው ትክክል ያኛው ስሕተት ብሎ አይፈርድም ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ጠላው። ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ሰው ከንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ ሕዝቡን ያሳምፃል አለው። ዘርዓ ያዕቆብ ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ወጣ። ወደ ደቡብ ሲሄድ ተከዜ ሸለቆ ደረሰ፤ ሰው በሌለበት ቦታ ጥሩ ዋሻ አገኘ፤ አውሬ እንዳይገባበት በድንጋይ አጠረው። ሱስንዮስ እስኪሞቱ ድረስ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ።

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ምዕራብ የወረደ ሰው ይህን አገር ያውቀዋል። አበርገሌ፣ ዝቋላ፣ ሰሃላ እያለ መሬቱ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ አየሩ ይከብዳል፣ ገደሉ ይጠልቃል። ዋሻው የትኛው እንደ ሆነ፣ ከወንዙ በየትኛው በኩል እንደ ነበረ መጽሐፉ በስም አይነግረንም። እኔም የዋግ ነው ብዬ አልከራከርም። ከወንዙ ዳር የሚኖር የዋግ ልጅ ግን ይህን መጽሐፍ የሩቅ አገር ፍልስፍና አድርጎ እንዳያየው እፈልጋለሁ። የሸለቆው አንድ ክፍል ዛሬ በ2009 የተመረቀው፣ ቁመቱ 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ባጠራቀመው ውኃ ተሸፍኗል፤ የዋግ ወጣቶች ከዚያ ሐይቅ ዓሣ ያሰግራሉ።

በዋሻው ውስጥ መዝሙረ ዳዊት ነበር የሚያነበው። ዳዊት በጭንቁ ጊዜ የሰውን ልጅ ሁሉ በሐሰተኛነት የከሰሰበት መዝሙር መኖሩን ታስታውሱ ይሆናል፤ ከሳሹም ከሰው ልጆች አንዱ ነው። የዘርዓ ያዕቆብ ጥያቄ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ይላል፤ አይሁዱም፣ እስላሙም፣ ተዋሕዶውም፣ ካቶሊኩም። እያንዳንዱ በራሱ ጉዳይ ከሳሽም ምስክርም ነው። ታዲያ የሚፈርደው ማን ነው? ሰው እንዳይፈርድ ሁሉም ሰው ከተሟጋቾቹ መካከል ነው። መጽሐፍ እንዳይፈርድ ክርክሩ ራሱ የትኛው መጽሐፍ እውነት ነው የሚል ነው። ከተከዜ ገደል ሥር ሆኖ ከዙፋን በላይ ያለውን ዳኛ ፈለገ። ያገኘውም ልቡናን ነው፤ ፈጣሪ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ያኖረውን የማስተዋል ብርሃን። በዚህ ብርሃን ምንኩስናውን፣ ጾሙን፣ ሰውን እንደ ከብት መሸጥን መረመረ፤ ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር የማይስማማውን ሁሉ የሰው ሥራ እንጂ የእግዚአብሔር አይደለም አለ። የባሪያ ንግድን በዚህ መንገድ የመረመረበት ቦታ ከመጽሐፉ ሁሉ በላይ እኔን የሚነካኝ ነው፤ በዘመኑ ከንጉሥ እስከ ነጋዴ ልማድ አድርጎት ይኖር የነበረውን ነገር አንድ ብቻውን ያለ ሰው በገዛ አእምሮው ስሕተት ነው ሲል።

ይሁን እንጂ ጥያቄው አይለቅም። ልቡናንስ ማን መረመረው? ልቡናዬ አያስተኝም የምለው ፈጣሪ ስለ ሰጠኝ ነው። ፈጣሪ መኖሩን በምን አወቅሁ? በልቡናዬ። ዘርዓ ያዕቆብ ተወለድሁ ከሚለው ከ1599 ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የተወለደው ፈረንሳዊው ደካርት እዚሁ ቦታ ላይ ተይዟል። በ1641 «ተመስጦዎች» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ አንቷን አርኖ የሚባል አስተዋይ አንባቢ ወዲያው ጠየቀው፦ የጠራ አሳቤ ትክክል መሆኑን እግዚአብሔር ያረጋግጥልኛል ትላለህ፣ እግዚአብሔር መኖሩን ደግሞ በጠራ አሳብህ ነው ያወቅኸው፣ ታዲያ የቱ ይቅደም? ደካርት መልስ ሰጠ፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አልተዘጋም። ተከዜ ዋሻ ውስጥ ያለው ሰውዬ ያን መጽሐፍ አላየም፤ አርኖም አልነበረውም።

ከዚህ የከረረ ሌላ ቋጠሮ ደግሞ ሐተታው ውስጥ አለ። ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራዝ ሄደ። ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ተቀበለው፤ ዳዊት እየጻፈ ኑሮውን መሠረተ፤ ሂሩት የምትባል የቤቱን አገልጋይ አገባ፤ የጌታውን ልጅ ወልደ ሕይወትን አስተማረ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ፣ ይላል፣ ከሰዎች ጋር እንደ እነርሱ መስዬ ኖርሁ፤ በልቤ ያለውን አልገለጥሁም፤ ብገልጠው ጥላቻን ብቻ ነው የማተርፈው። ሐተታውንም የጻፈው በ1667፣ በ68 ዓመቱ፣ ደቀ መዝሙሩ አጥብቆ ስለ ለመነው ነው። አስተውሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስመስል የኖረ ሰው «ይህን ግን እውነቱን ነው የምጽፈው» ይለናል። የምናምነው በምን ዋስትና ነው? ሳስመስል ኖሬአለሁ ያለውን ካመንን፣ ማስመሰል የሚችል ሰው እየመሰከረልን ነው። ካላመንነው ደግሞ፣ አሁን ያስመሰለው እዚህ ላይ ነው ማለት ነው። ቀርጤሳዊው ሁልጊዜ አልዋሸም ብለን እንዳለፍን ይህንም ማለፍ ይቻላል፤ ሰውየው ሁልጊዜ እዋሻለሁ አላለም። ቢሆንም ምስክርነቱን የሚያጸናው ራሱ ብቻ መሆኑ ይቆረቁራል።

ሊቃውንቱንም የቆረቆራቸው ይኸው ነው። ሐተታውን ዓለም ያወቀው በሁለት ቅጂዎች ነው፤ ሁለቱም ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ይገኛሉ። ሁለቱንም ለብራና ሰብሳቢው አንቷን ዳባዲ የላከው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በጌምድር ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ካፑቺን መነኩሴ ነው፤ ግእዝ ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነበር፣ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታው የዘርዓ ያዕቆብ ሳይሆን የጁስቶ ድርሰት ነው አለ፤ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ አልነበረም ማለቱ ነው። በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ደገፈው። በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር የጁስቶን ሌሎች ጽሑፎች ከሐተታው ጋር እያነጻጸሩ፣ አይደለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው በብዙ ጥራዝ ተከራከሩ። ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩት ኖረው በ2017 ባወጡት ጽሑፍ አሳባቸውን ቀይረው ባለቤቱ ያ ወርቄ ነው ወደሚለው አዘነበሉ። ፈረንሳዊቷ አናይስ ዊዮን ደግሞ የጁስቶ ነው በሚለው ጸንታለች።

ከዚህ ክርክር ውስጥ እኔን የሚይዘኝ አንድ ነጥብ አለ። በጥንቱ ሕጋችንም በኦሪቱም ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ሁለተኛ ምስክር አለው፤ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት የራሱን ሐተታ ጽፏል፣ መምህሩንም አውቀዋለሁ ይላል። ደስ ይላል፤ ግን የወልደ ሕይወት ሐተታም የተገኘው በዚያው በጁስቶ እጅ ነው። ጁስቶ አንዱን ፈጥሮ ከሆነ ሌላውንም ሊፈጥር ይችላል። ሁለተኛው ምስክር የፊተኛው ጥላ ሊሆን ይችላል። መጽሐፉ ስለ ራሱ ይመሰክራል፤ የመጽሐፉ ምስክርም ከመጽሐፉ ጋር በአንድ እሽግ መጣ። በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ ጌታ በአንድ ቦታ ስለ ራስ የሚሰጥ ምስክርነት እንደማይጸና፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የእርሱ እንደሚጸና የተናገረባቸውን ሁለት ክፍሎች የትርጓሜ መምህራን በጥንቃቄ የሚያስታርቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጉዳዩ ከባድ ነው።

እኔ የት ነኝ? ሐተታው የኢትዮጵያዊ ነው ብዬ አምናለሁ። የማምንበትን ምክንያት ግን መለየት እፈልጋለሁ። መጽሐፉ እንዲህ ስለሚል አይደለም፤ አሞሌን በአሞሌ መመንዘር ይሆንብኛል። መጽሐፉ ለእኛ ክብር ስለሆነም አይደለም፤ ያ ከሆነ እኔም በራሴ ጉዳይ ዳኛ ሆኜ መቀመጤ ነው። ያሳመነኝ የዳዊት አጠቃቀሙ ነው። ዳዊትን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ሲደግም የኖረ ሰው አሳብ እንዴት እንደሚፈስስ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ሐተታው እንዲያ ነው የሚፈስሰው። ጁስቶም በጌምድር ከሊቃውንት ዘንድ ተምሯልና ይህ ማስረጃ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ።

ሁለቱን ጥያቄዎች ግን አንድ ላይ መጨፍለቅ አይገባም። መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው ከመጽሐፉ ውጭ መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ብራና አለ፣ ቀለም አለ፣ የእጅ ጽሕፈት አለ። ልቡናን ማን ይዳኘው የሚለው ግን ውጭ የለውም፤ የምዳኝበትም የምዳኘውም እርሱ ነው። ጁስቶ ጻፈው ቢባል እንኳ ያ ጥያቄ አንድ ፊደል አይቀነስለትም።

በዚህኛው ላይ ያለኝ አሳብ ከፈላስፎቹ ይልቅ ከአውጫጭኝ የመጣ ነው። ድሮ በገጠር ሌብነት ሲደርስና ሌባው ሲጠፋ ቀበሌው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ አፈርሳታም ይሉታል። ሽማግሌውም ጎረምሳውም ይምላል፣ ያየውን ይናገራል፤ ሌባው ሳይታወቅ መበተን የለም። ሌባው እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከሚያስምሉት መካከል ሊሆን ይችላል። መርማሪውም ተመርማሪውም አንድ ሕዝብ ነው። ሆኖም ነገሩ ይወጣ ነበር፤ አንዱ ያላየውን ሌላው አይቷልና። ልቡናም እንዲሁ ይመስለኛል። የእኔ ልቡና ለራሱ ምስክር መሆን አይችልም፤ የእናንተ ልቡና ግን ለእኔ ውጭ ነው። ዘርዓ ያዕቆብም በሐተታው መጨረሻ ከኋላው የሚመጣው መርማሪ የጀመረውን እንዲጨምርበት ይጋብዛል። ብቻውን በዋሻ ያገኘውን ብቻውን ሊያጸናው እንደማይችል ያወቀ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ አንድ አገር ሙሉ ተሰብስቦ በንጹሕ ሰው ላይ ሊፈርድ ይችላል፤ በአውጫጭኝም ይህ ደርሷል። የባሪያ ንግድን አገር ሁሉ ተስማምቶበት ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ አንዱን፣ አንዱም ሕዝቡን እንዲመረምር ከማድረግ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

የመጽሐፉ ባለቤት ጉዳይ ግን ከዚህ ይቀላል፤ እናንተም ልታግዙ ትችላላችሁ። ዘርዓ ያዕቆብ እንፍራዝ ላይ የኖረው ዳዊት እየጻፈ በመሸጥ ነው። ሰውየው ከነበረ ከጻፋቸው ዳዊቶች አንዱ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት፣ ወይም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ በኖረ ማኅደር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ከእንፍራዝ እስከ ዋግ ድረስ የብራና ዳዊት ያለበት አጥቢያ ብዙ ነው። ጸሐፊዎች ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውን ጽፈው ጸልዩልኝ ማለት ልማዳቸው ነው። አንድ ቀን የ17ኛው መቶ ዘመን ዳዊት በእጃችሁ ቢገባ የመጨረሻዋን ቅጠል ሳታዩ አትዝጉት፤ ወርቄ የሚል ስም ካያችሁ ለካህኑም ለተመራማሪውም አሳዩ። ያም «እኔ ጻፍሁት» የሚል ስለ ራሱ የሚመሰክር ቃል ነው፤ ነገር ግን ብራናው በጁስቶ እጅ አላለፈም።